የሎንግቫትን ቅርንጫፎች

ትቬርዳል፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 1978

ለእህቴ ለሃልዲስ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ላሞቹም ደህና ናቸው፤ ጉልበቴ ግን እንደ ልማዱ ያጉረመርማል። ስልክ የማልደውለው ለምን እንደሆነ ጠይቀሻል። ምክንያቱን አሳምረሽ ታውቂዋለሽ። ባለፈው ስደውል ያነሳው ባልሽ ነው። ዴንማርኮች ሲያወሩ ትኩስ ድንች ጉሮሯቸው ላይ የቀረ ነው የሚመስለው፤ እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ የሰው ድንች እስኪወርድ ስልክ ይዤ አልቆምም። ከአሁን ወዲያ ቢጮኽም አላነሳውም። የምትፈልጊው ነገር ካለ ጻፊ፤ ወረቀት አይኮላተፍም።

ባልሽ ሥሎ የላከው ካርታ ደርሶኛል። አንዱን ቀን በሰማያዊ እርሳስ፣ አንዱን በአረንጓዴ፣ አንዱን በብርቱካንማ ቀልሞታል፤ ትንሽ ልጅ ለእናቷ ልደት የሠራችው ነው የሚመስለው። ጎረቤቴ አስላክ አይቶት ሆዱን ይዞ ሳቀ።

በገባኝ መጠን ሐሳባችሁ ይህ ነው። በፋሲካ ሳምንት ባቡር ጣቢያው ላይ ትወርዳላችሁ። ስንቃችሁን አዝላችሁ፣ መሪ ሳትይዙ፣ ከጎጆ ጎጆ እያደራችሁ በረዷማውን ተራራ በስኪ እየተንሸራተታችሁ ታቋርጣላችሁ። መጨረሻ የምታድሩት እኔ በኃላፊነት በምጠብቀው በክሮክቡ ጎጆ ነው፤ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ደጄ ላይ ትቆማላችሁ። መንገዱን የሚመራው እንግዲህ ባልሽ ነው። ፒያኖ ቃኚ! ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ፒያኖ ሲያንኳኳ የኖረ፣ በአገሩ ከቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የሚበልጥ ኮረብታ አይቶ የማያውቅ ሰው። እሱስ አያውቅም እንበል፣ አንቺን ምን ነካሽ? አባታችን ይህን ቢሰማ ከመቃብሩ ተነስቶ አርጩሜ ፍለጋ ይወጣ ነበር።

ለጥያቄሽ መልስ ይኸውልሽ። ጎጆዎቹ ውስጥ ማገዶ አለ፤ የታሸገ ሥጋ፣ አተርና ደረቅ ቂጣም አለ። በሮቹን የሚከፍተው የተጓዦች ማኅበሩ ቁልፍ ነው፤ አንዱ ሁሉንም ይከፍታል። እንዳይጥለው አንገቱ ላይ እሰሪለት። ቅርንጫፎቹን እኔና አስላክ እንደ ወትሮው በፌብሩዋሪ እንተክላቸዋለን። አያታችንም አባታችንም እንዳደረጉት፣ የበርች ዛፍ ቅርንጫፍ እየቆረጥን በረዶው ላይ እናቆማለን፤ ጭጋግ ቢወርድ እንኳ ሰው ከአንዱ ጋ ሆኖ ቀጣዩን እንዲያይ። ይህን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ለሱ አስረጂው።

ሦስተኛውን ጥያቄሽን አልመለስኩም። አስቤበት እጽፋለሁ።

ወንድምሽ ቶርግሪም


ስታቫንገር፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1978

ለወንድሜ ለቶርግሪም፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሰላምታውን ከስድቡ መሃል ፈልጌ ለማግኘት መነጽር አስፈልጎኝ ነበር። አእምሮዬን ስቼ እንደሆነ ጠይቀሃል፤ አልሳትኩም። አንተ "ባልሽ" የምትለው ፕሬበን ደብዳቤህን ራሱ አነበበው። ድንቹ ጋ ሲደርስ ስቆ ስቆ እንባውን ጠረገ። አንተን የሚያናድድህ ይኸው መሆኑን አውቃለሁ፤ ሰውየው ሲሰደብ አይቆጣም።

በአውቶቡስ ለምን አይመጡም ትል ይሆናል። ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። በሰርጋችን ማግስት፣ "ተራራውን በገዛ እግሩ ያላቋረጠ ወንድ የዚህ ቤት አማች አይባልም" ያልከው አንተ ነህ። ሁሉም ሰው ለቀልድ ወስዶት ሳቀ። ፕሬበን ግን ቁም ነገር ብሎ ያዘው። ይኸው ሦስት ክረምት ሙሉ ስኪ ሲማር ከርሟል፤ ከትንንሽ ልጆች ጋር ተሰልፎ፣ በወደቀ ቁጥር እነሱ እያነሱት። አንተ ብትሆን በመጀመሪያው ቀን ስኪውን ሰብረህ ትመለስ ነበር።

አሁን ደግሞ አንተ ያልመለስከውን ጥያቄ ልድገመው፤ ፕሬበንን ማዕድህ ላይ ታስቀምጠዋለህ ወይ? እናታችንን የቀበርን ቀን ሳህን ስትደረድር የሱን ሳህን ሳታስቀምጥ ቀረህ። ረስተኸው አይደለም። እሱ ዳቦውን በእጁ ይዞ መስኮቱ ጋ ቆሞ በላ፤ ሰዎቹ ሲያዩት "መቆም ለወገቤ ይሻለዋል" አላቸው። እኔ በዚያን ቀን ያቃጠለኝ ነገር እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ስለዚህ ቁርጡን ልንገርህ። በዚህ ፋሲካ ማዕድህ ላይ ካላስቀመጥከው ትቬርዳልን ዳግመኛ አልረግጣትም። ያደግሁበት ቤት ነው፤ የናፍቆቱን ነገር ተወው። ሌላ ወንድም የለኝም፣ አንተም ሌላ እህት የለህም፣ ሁለታችንም እያረጀን ነው። ከዚያ በኋላ ደብዳቤውን ላሞችህ ይጻፉልህ።

ፕሬበን አንድ ጥያቄ አለው። በመጨረሻው ቀን ሎንግቫትን ሐይቅን እናቋርጣለን። የኤሌክትሪክ ኩባንያው ግድቡን ከሠራ ወዲህ ክረምቱን ውሃውን ይለቀዋል ወይ? ከታች ያለው ውሃ ሲወርድስ ከላይ ያለው የበረዶ ግግር ምን ይሆናል? ነው የሚለው። እባክህ ሳትሳደብ መልስለት። ወይም እየተሳደብክ መልስለት፣ ብቻ መልስለት።

እህትህ ሃልዲስ


ትቬርዳል፣ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1978

ለእህቴ ለሃልዲስ፣

ሳልሳደብ ለመመለስ ሞከርኩ፤ ወረቀቱ ባዶ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ እንደሚመቸኝ እጽፋለሁ።

ለባልሽ ንገሪው፤ በክረምት ውሃ ይረጋል፣ የረጋ ውሃ ደግሞ ይጠነክራል። በዴንማርክም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። እኔ ሎንግቫትንን መጀመሪያ ያቋረጥኩት በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ነው። አሁን አንድ ፒያኖ ቃኚ ከባሕር ዳር ተነስቶ ስለ ሎንግቫትን ሊጠይቀኝ! ባለፈው ዓመት ከኩባንያው አንድ ጎረምሳ ወረቀት ይዞ መጥቶ፣ የክረምቱን መንገድ በዳርቻው አዙሩት አለኝ። በዳርቻው መዞር ግማሽ ቀን ይፈጃል። ወረቀቱን ምድጃ አቀጣጠልኩበት፤ ለሱም ቢሆን እርጥብ ነበር። ሐይቁ ሐይቅ የሆነው ኩባንያው ሳይወለድ ነው። በጋ ላይ የግጦሽ መሬቴን በውሃ ዋጡት፣ እሺ። ክረምት ላይ ደግሞ በየት እንደምሄድ ሊነግሩኝ ነው? ምን ሲደረግ!

ቅርንጫፎቹን አባታችን በሚተክልበት ተክያቸዋለሁ፤ ከማዶው ዳርቻ እስከ ደሴቱ በሐይቁ ጠባብ አንገት፣ ከደሴቱ እስከ እኛ በኩል፣ ቀጥ አድርጌ። ባልሽ እነሱን ተከትሎ ይምጣ። ማሰብ አይጠበቅበትም፤ በገመድ እንደሚጎተት ፍየል ነው የሚሆነው።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። አስቤበታለሁ። ቅዳሜ ማታ የፋሲካ ደወል ሳይደወል በገዛ እግሩ ደጄ ላይ ከቆመ እጁን እጨብጠዋለሁ፤ የአባታችን ወንበር ላይ አስቀምጬ የበጉን ሥጋ ራሴ እቆርጥለታለሁ። እነ አስላክን እጠራለሁ፤ እነሱ ይመስክሩ። ደወሉ ከቀደመው ግን ደጅ ይቀራል፤ አንቺም የፈለግሽውን አድርጊ። ይህ የመጨረሻ ቃሌ ነው፤ ቃሌን እንደማላጥፍ ታውቂያለሽ።

ሱፍ ይልበስ። ለስኪው የሚቀባውን ሰም አንቺ ምረጪለት። ብርቱካን ያዙ፤ ያለ ብርቱካን ፋሲካ የለም። የቀረውን እግዜር ያውቃል።

ቶርግሪም


ስታቫንገር፣ ማርች 17 ቀን 1978

ለቶርግሪም፣

ተስማምተናል። ደወሉ ሳይደወል።

ለሐይቁ ጥያቄ የሰጠኸው መልስ መልስ እንዳልሆነ ፕሬበን ይወቅልኝ ብሏል። እኔ ደግሞ፣ ቶርግሪም ቅርንጫፍ በተከለበት ዐይንህን ጨፍነህ መሄድ ትችላለህ አልኩት። ይህን ያህል አምኜሃለሁ፤ ስድብህን ሳይሆን ቅርንጫፍህን።

ሻንጣ ላይ እየተጣላን ነው። እኔ ብርቱካን እጨምራለሁ፣ እሱ አውጥቶ ካልሲ ያስገባል፣ እኔ ካልሲውን አወጣለሁ። ያልተነካው የተጨሰው የበግ እግርና ቡናማው አይብ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ጎጆ ሩቅ ስለሆነ በጠዋት እንነሳለን፤ ነፋሱ ከበረታ አንድ ቀን እንድናርፍ መጠባበቂያ ይዘናል። ካርታው ላይ ያ ቀን በቢጫ የተቀለመው ነው፤ አንተ ያላነሳኸው ቀለም። ሳቅህን ስትጨርስ ልብ ብለህ እየው።

ሊቀበለን ሰው እንዳትልክ። ደወሉንም እንዳታስቀድመው፤ ደዋዩ የአስላክ አማች መሆኑን አውቃለሁ።

ሃልዲስ


ትቬርዳል፣ ኤፕሪል 2 ቀን 1978

ለሃልዲስ፣

እሑድ ጠዋት ሳትሰናበቺኝ በአውቶቡስ ሄድሽ። ምነው ብዬ አልጠየቅሁም፤ ምነው ማለቱ እኔን አይመለከትም። የበጉ ሥጋ ግማሹ ቀርቷል። ሰው እንዳልበላው እዚሁ ተቀምጧል።

እኔ ያልኩትን አደረግሁ። ደወሉ ተደውሎ፣ እነ አስላክ ተቀምጠው፣ መብራቱ በርቶ ነው የመጣችሁት። ደጄ ላይ ቆሜ፣ "ደወሉ ቀድሟችኋል" አልኩ። አንቺን ጨበጥኩሽ፣ እሱን አልጨበጥኩትም። ሁለታችሁም በውጭው ማድ ቤት አደራችሁ፤ እሳት አንድጄላችሁ ነበር፤ ይህን አትካጂኝም። ለምን ዘገያችሁ ብዬ ስጠይቅ እሱ ሳቅ ብሎ፣ "ዴንማርካዊ ስለሆንኩ ነው" አለ። አንቺ ልትናገሪ አፍሽን ከፍተሽ እሱ ክንድሽን ያዘሽ። አየሁት። ሴት ልጅ በገዛ ወንድሟ ደጅ አፏን ስትታፈን ያን ቀን አየሁ።

አሁን ግን ለምን እንደያዘሽ ገባኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለት የኦስሎ ልጃገረዶች በግቢዬ አለፉ። ከናንተ ጋር ክሮክቡ አድረው፣ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ አንድ ሌሊት እንደጨመሩ ነገሩኝ። ከዚያ፣ መንገዱን በዳርቻው ስላዞርክልን እናመሰግናለን አሉኝ። ከተሜዎች ስለሆኑ ተሳስተው ነው ብዬ ሸኘኋቸው። ትናንት ወደ ሐይቁ ወርጄ አየሁ። ሐይቁ ላይ አንድም ቅርንጫፍ የለም! ሁሉም ተነቅሎ በዳርቻው ዞሮ ተተክሏል፤ ያውም ተጣሞ፣ እንደ ሰካራም ጥርስ።

ይህን ያደረገ ማን እንደሆነ ለመጠየቅ አልደከምኩም። ሃልዲስ፣ በዚህ ሸለቆ ሰው የሰው ሚስት ይወስዳል፣ ጎረቤቱን ይከሳል፣ ያም ያልፋል። ቅርንጫፍ ግን አይነካም። በነጭ ጭጋግ ውስጥ የሚሄድ ሰው ነፍሱን የሰጠው ለዚያች ቅርንጫፍ ነው። አስላክ ሲሰማ ተነስቶ ወጣ። ባልሽ ግግር ፈርቶ ዞረ እንበል፣ ይፍራ፤ ፈሪ በዝቷል። የፈራበትን መንገድ የዓለም መንገድ ለማድረግ ቅርንጫፌን መንቀሉ ግን ምን የሚሉት ድፍረት ነው? ያን ወንበር እንኳንም አላስቀመጥኩት።

በረዶው እስኪቀልጥ መንገደኛ አለ። ስለዚህ ሐሙስ አዲስ በርች ቆርጬ፣ በረዶ ላይ በሚጎተተው ተንሸራታች ጭኜ ሐይቁ ላይ መልሼ እተክላለሁ። ለማኅበሩም ቁልፉን እንዲቀሙት እጽፋለሁ።

ቶርግሪም


ስታቫንገር፣ ኤፕሪል 5 ቀን 1978

ቶርግሪም፣

እንዳትሄድ። ከዚህ በታች ያለውን ከማንበብህ በፊት ይህን ስማ፤ ሐይቁ ላይ እንዳትወጣ።

ደብዳቤህ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስልክህን እየደወልኩ ነው። አታነሳም። ይጮኻል፣ ይጮኻል፣ አንተ ምድጃህ አጠገብ ተቀምጠህ "ዴንማርኩ ነው" እያልክ ይሆናል። በዚህ የተነሳ ብትሞት በቀብርህ ላይ ምን ብዬ እንደማለቅስ አላውቅም። ለአስላክ ሚስት ደውዬ መልእክት ሰጥቻለሁ፤ እነግረዋለሁ ብላለች፤ አንተ ግን ሰው ስለነገረህ የምትሰማ ሰው አይደለህም። ለዚህ ነው ደግሞ የምጽፈው።

ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ጋ የደረስነው ቀድመን ነው። ልጃገረዶቹ ከኋላችን ገና ቁርሳቸውን ይበሉ ነበር። በዚያ አካሄዳችን በጉ ሳይበስል ደጅህ ላይ እንቆም ነበር። ፕሬበን ከፊት ነው። ጠባቡ አንገት ጋ፣ ሁለተኛውን ቅርንጫፍህን እንዳለፍን ቆመ። ግግሩን በዱላው መታው። ትንሽ ራመድ ብሎ ደግሞ መታው። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ በጉልበቱ ተንበረከከና ጆሮውን አስጠጋ። እኔ ሳቅሁበት። ወንድሜ ምን ይል ይሆን እያልኩ ሳቅሁ፤ ያንተው እህት ነኝና።

"ሃልዲስ፣ ከታች ውሃ የለም" አለኝ። "ባዶ ነው። ዱካሽ ላይ እየረገጥሽ ተመለሺ።"

ተመለስኩ። ያን አመላለሴን ለማንም አልመኝም። ዳርቻው ላይ ቆመን አስረዳኝ፤ ኩባንያው ውሃውን ለቆታል፤ ሰፊው ጋ ግግሩ ከውሃው ጋር አብሮ ወርዷል፣ ጠባቡ ጋ ግን በሁለቱም በኩል ድንጋይ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። በርሜል ሙሉ ሲሆንና ባዶ ሲሆን አንድ ዓይነት አይጮኽም አለኝ። ይህን ለማወቅ ተራራ ላይ መወለድ አያስፈልግም።

ከዚያ ተነስተን በዳርቻው ብንሄድ ኖሮ፣ ደወሉ ሳይደወል እንደርስ ነበር። ሰዓቱን አይቶታል። ልጃገረዶቹ ግን ከኋላ እየመጡ ነው፤ ከነሱም ኋላ ሌላ ሰው ይመጣል። ቅርንጫፍህ ደግሞ ቀጥታ ወደዚያ ጉድጓድ ይጠራቸዋል። የጠባቡን ቅርንጫፎች በሆዱ እየተሳበ፣ ወገቡ ላይ ገመድ አስሮ፣ ሌላውን ጫፍ እኔ ይዤ፣ ነቀላቸው። ከደሴቱ በእናንተ በኩል የቀሩትን ደግሞ በዳርቻው ዞረን ነቅለን፣ በዳርቻው ሁሉ ስንተክላቸው ዋልን። ደወሉን የሰማነው እዚያው ሆነን ነው። የመጨረሻዎቹን እየተከለ ነበር፤ ቀና ብሎ አዳመጠና፣ "ጥሩ ደወል ነው፣ ቃናው ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ" ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

ክንዴን የያዘኝ ለምን እንደሆነ ገባኝ ብለሃል፤ አልገባህም። ጎረቤቶችህ ስለተቀመጡ ነው። በፋሲካ፣ በገዛ ቤቱ፣ በሰው ፊት አላዋርደውም፤ ቅርንጫፉ አሁን በደህና ቦታ ነው፣ ይበቃል አለኝ። እኔ ያን ሌሊት በማድ ቤትህ ውስጥ አልተኛሁም። አንተን መጥላት እንዴት እንደሚቻል እየተለማመድኩ ነበር። አልቻልኩበትም፤ ይህም ያናድደኛል።

አትሂድ። ከሄድክ ደግሞ ጻፍልኝ።

ሃልዲስ


ትቬርዳል፣ ኤፕሪል 11 ቀን 1978

ለፕሬበን፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ላንተ ነው። ሃልዲስ እንዳታነብልህ፤ ራስህ አንብበው። የማይገባህ ቃል ካለ ዝለለው፣ ብዙ ቁም ነገር አይደለም።

የአስላክ ሚስት ረቡዕ ማታ መልእክቱን አምጥታልኝ ነበር። "ዴንማርኩ አሁንም ፈርቷል" ብዬ መለስኳት። ሐሙስ ጠዋት ሄድኩ። የእህቴ ደብዳቤ የደረሰው እኔ ከሄድኩ በኋላ ነው፤ ቀድሞኝ ቢደርስም መሄዴ አይቀርም ነበር። ይህን የምነግርህ በፖስታ ቤቱ እንዳታመካኝልኝ ነው። የሰው ደጅ ላይ ቆመህ ለባለቤቱ ማመካኘትህ አይመቸኝም።

የሐይቁ አንገት ጋ ስደርስ ተንሸራታቹ ከኋላዬ ነበር። ድንገት ገመዱ ከትከሻዬ ተመንጭቆ ሄደ። በርቹም፣ መጥረቢያዬም፣ የአባቴ ተንሸራታችም አብረው ወረዱ። ውሃ ይንቦጫረቃል ብዬ ጠበቅሁ። አልተንቦጫረቀም፤ ድንጋይ ላይ ሲሰበር ነው የሰማሁት፣ ከሩቅ። እኔ በሆዴ ተኝቼ ነበር፤ ወድጄ አይደለም። ጆሮዬም ግግሩ ላይ ነበር፣ እሱንም ወድጄ አይደለም። በርሜል ያልከው ልክ ነው። ተኝቼ ያሰብኩት ስለ ራሴ አይደለም። ሃልዲስ ሁለተኛውን ቅርንጫፍ አልፋ ነበር አሉ። ከዚህ በላይ በዚህ ጉዳይ አልጽፍም።

አስላክን ነግሬዋለሁ። ሱቁ ውስጥ ላገኘሁትም ሁሉ ነግሬያለሁ፣ ማን የት እንደተከለና ማን እንደነቀለው። ስለዚህ እኔን ከጎረቤቶቼ መሸሸግህን ተው። ከዴንማርክ ምጽዋት አልቀበልም።

አሁን ወደ ሥራህ። በሕይወቴ እንደዚያ የተተከለ ቅርንጫፍ አላየሁም። አራርቀሃቸዋል፤ ጭጋግ ቢወርድ አንዱ ጋ ቆሞ ሌላውን የሚያይ ንስር ብቻ ነው። ወደ ነፋሱ ዘንበል አድርገህ ትተክላለህ እንጂ ከነፋሱ ጋር አታጋድምም፤ ግማሾቹ ወድቀው አገኘኋቸው። ሁለት ቀን ሙሉ በዳርቻው እየዞርኩ አቃናኋቸው፣ አጠጋጋኋቸው። ከቦታቸው ግን አንዱንም አላነሳሁም። ከእንግዲህ መንገዱ እዚያ ነው።

እጄን በተመለከተ፣ ደወሉ ቀድሞሃል፤ ቃሌም ቃል ነው። የዘንድሮው ፋሲካ አለፈህ። የሚመጣው ዓመት ደወል ግን ገና አልተደወለም። በፌብሩዋሪ አስላክ ጉልበቱን ስለሚታከም ከኔ ጋር በርች የሚቆርጥ ሰው የለም። ና። ሱፍ ልበስ። አተካከል አስተምርሃለሁ፤ አንተም ያን ማንኳኳትህን ታስተምረኛለህ፣ እንዳታበዛው እንጂ። የአባታችን ወንበር እግሩ ይወዛወዝ ነበር፤ አጥብቄዋለሁ። ቶርግሪም ዴንማርኩን የተሰበረ ወንበር ላይ አስቀመጠው እንዲባል አልፈልግም።

ሐሙስ ማታ እደውላለሁ። ሃልዲስ እንዳታነሳው። አንተ አንሳው።

ቶርግሪም